ተቀባይ የሌለው አደራ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ስልክ ቻርጅ የምናደርግበትና ካርድ የምንሸጥበት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጦርነቱ ከካርቱም ካባረራቸው ሰዎች አንዱ፣ ስልኩ እስኪሞላ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከቆየ በኋላ ከኪሱ አንዲት ስስ ብረት አወጣ። በአጭር ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥላለች፤ የጥንዚዛ ሥዕል አለባት፣ ከሥሩም ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል።

«ያ ዞል፣ ይቺ መንገደኛ ናት» አለኝ፤ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው።

በገበያ ዓረብኛዬ እየተጋገዝን አስረዳኝ። በየአገሩ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አንዱ ትንሽ ሣጥን ድንጋይ ሥር ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለች ብረት ትገኛለች። ያገኛት ሰው ይዟት ሄዶ ሌላ ቦታ ይተዋታል፤ በቁጥሯ ገጿን ከፍቶም የት እንዳደረሳት ይጽፋል። የዚህችኛዋ ባለቤት ሩቅ አገር ያለ ሕፃን ነው። ነጭና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ተነሥታ፣ ጥቁሩ እስከሚወጣበት ሐይቅ እንድትደርስለት ይፈልጋል።

«እኔ ከዚህ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም» አለ ሰውየው። «አንተ አገርህ ነው።» ብረቷን እጄ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

አገሬስ አገሬ ነው። ግን ከጎረቤታችን ከተማ ከገንዳ ውሃ አልፌ አላውቅም። ሰው ታገተ፣ መኪና ተመለሰ የሚለው ወሬ እዚህ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይገባል። የምጽፋቸው ግጥሞች ሁሉ ስለ መሄድ ናቸው፤ ጽፌ ስጨርስ ያው ከባንኮኒው ኋላ ነኝ።

የሰሊጥ አጨዳው ሲያልቅ አንድ የጎጃም ሰው ሊሰናበቱኝ መጡ። በየዓመቱ ለአጨዳ የሚወርዱ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ስልክ የላቸውም፤ ሱቃችን የሚመጡት የእጅ ባትሪያቸውን ቻርጅ ለማስደረግ ነው። ቤታቸው ጣና ዳር መሆኑን ስለማውቅ ብረቷን አወጣሁ።

«ይህችን ሐይቁ ዳር ያድርሱልኝ።»

«ለማን ብዬ ልስጥ?»

«ለማንም። ድንጋይ ሥር ያድርጓትና ይሂዱ።»

«የሰው ዕቃ ድንጋይ ሥር ጥዬ? ልጄ፣ ደኅና ነህ?»

«ካልሆነም ላገኙት ሰው ይስጡልኝ።»

«‹ያገኙት ሰው› የሚባል ዘመድ የለኝም» ብለው ሳቁ። ቢሆንም አልመለሷትም። ከሰንሰለቷ ፈትተው ማተባቸው ላይ አሰሯትና ሸሚዛቸውን ቆለፉ። «አደራ ከሆነ አንገት ይሻላል።»

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ቀድሜ ያነሣሁትን የብረቷን ፎቶ ለሱቁ ባለቤት ለሃጂ አሳየኋቸው። ሃጂ ዕድሜያቸውን በድንበር ንግድ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ በቀላሉ አይደነግጡም። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ቁጥር ያለው ብረት ማን እንደሚያስር ታውቃለህ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ሃጂ።»

«ወታደር ነው የሚያስረው። ሲሞት በእሱ ይለዩታል። ያን ምስኪን የማን ጦር አድርገህ ነው በኬላው ሁሉ የላክኸው?»

ለሽማግሌው ልደውል እንዳልል ስልክ የላቸውም። አውቶቡሱ ገና ገንዳ ውሃ አልደረሰ ይሆናል፤ ግን በምን ልድረስበት? የሹፌሩ ስልክ አይነሣም። በማግስቱ አውቶቡሱ ሲመለስ ረዳቱን ጠየቅሁት። «ፈታሾች ኬላ ላይ አንድ ሽማግሌ አስወረዱ፤ እኛ ተንቀሳቀስን» አለኝና ሻንጣ ማውረዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የብረቷን ገጽ እከፍታለሁ። ጣና ዳር ያገኛት ሰው የሆነ ነገር ጽፎ ይሆናል እላለሁ። ገጹ አይለወጥም። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ግጥም ስጀምር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ይታየኛል። ሃጂ አንዳንዴ ያለ ወትሮአቸው ሻይ ያዙልኛል። ያ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ለአጨዳው ሠራተኛ መውረድ ሲጀምር እያንዳንዱን መኪና ቆሜ አየሁ። አንድ ጠዋት የእጅ ባትሪ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ።

«ሙላልኝ፣ ልጄ።»

እሳቸው ናቸው። ከስተዋል እንጂ ደኅና ናቸው። የጨበጡትን እጄን ሳይለቁ ሸሚዛቸውን ከፈቱ። ብረቷ እንደታሰረች ናት።

«ተቀባይ አጣሁ። ወስጄ ውኃውን አሳየኋት፤ መለስኋት።»

«ኬላው ላይስ?»

«እሱማ!» ብለው ተቀመጡ። «‹የማን ነው?› አሉኝ። ‹የሰው› አልሁ። ‹የየትኛው ሰው?› ‹የማላውቀው።› ‹ለማን ልትሰጥ?› ‹ለማንም።› ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ፤ አውቶቡሱም ጥሎኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው መጣና ሰማኝ። ‹እንዲህ ያለ የማይረባ ውሸት የሚፈጥር ሰላይ የለም፤ ልቀቁት› አለ። ከዚያ በእግሬ አይከል ከተማ ገባሁ።»

ሃጂ ሳቁ። እኔ አልቻልሁም።

«ምነው ሣር ውስጥ በጣሏት?»

«አደራ ይጣላል?»

እጄን ዘርግቼ ከእንግዲህ እኔ ጋ ትቀመጥ አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ማተባቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ምን አጎደልሁ? አላመንኸኝም?»

ብተዋት ሲመለሱ በዚያው ኬላ ነው የሚያልፉት። ብወስድባቸው አደራ በላ ያልኋቸው ያህል ነው። ሃጂን ባይ እሳቸውም ካርድ መደርደር ጀምረዋል።

«አላጎደሉም» አልሁ። «ተቀባይ ሳልነግርዎት ነው የላክሁዎት። አሁን ግን ተቀባይ አላት፤ እኔ ነኝ። አጨዳው ሲያልቅ አብሬዎት እሄዳለሁ። ኬላው ላይ የምናገረው እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፈትተው ይሰጡኛል።»

መዳፋቸውን ከማተባቸው ላይ አነሡ።

«ይኸን መንገድ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያ ሁለት አደራ ሆነብኝ» አሉና ባትሪያቸው ሳይሞላ ይዘው ወደ እርሻው ሄዱ።

ሰሊጡ አሁን እየታጨደ ነው። በሱቁ በር ነዶ የጫነ ትራክተር ባለፈ ቁጥር ኬላው ላይ የምናገረውን በልቤ እደግማለሁ፤ «የሕፃን መጫወቻ ናት፤ ውኃ ልናሳያት ነው» እላለሁ። ከሳቸው ውሸት የባሰ የማይረባ ይመስላል። ሃጂ ግን ደመወዜን ሳልጠይቅ አስቀድመው ሰጡኝ፤ ወፍራም ሹራብም ጨመሩበት። ደጋው ይበርዳል አሉኝ።