ሊጡ እስኪቦካ የቆየች እንግዳ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ከሆቴሉ ቀድሞ የፈተነኝ ባጃጅ ነው። የመጣሁት ከቁይ ነው፤ ለቁይ ልጅ ደብረ ማርቆስ ትልቅ ከተማ ናት። መናኸሪያው በር ላይ የቆመ ባዶ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ አይነሳም፤ እኔም አልጠይቅም። ሰው እስኪሞላለት እየጠበቀ መሆኑ የገባኝ ሁለት ሴቶች ከነዶሮዎቻቸው አጠገቤ ሲሸጎጡ ነው። መውረጃዬን ደግሞ አለፍኩት። «ወራጅ አለ» ካላልኩ እንደማይቆም ማን ነግሮኝ!

አርፍጄ ሆቴሉ በር ላይ ስደርስ ነጠላዬ ላይ የዶሮ ላባ ተጣብቋል። ባለቤቱ ጋሽ ስማቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አስተናጋጅ ላኩልኝ ብል ዶሮ ላኩልኝ እንዴ?» አሉ። ከማድ ቤት የሴት ሳቅ ተሰማ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ሳቃቸው ንቀት አልነበረበትም። ያ ሳቅ ባይኖር ከዚያው በር የምመለስ ይመስለኛል።

ጋሽ ስማቸው ሥራውን ቆመው ነው ያስተማሩኝ። ትሪ በግራ እጅ ይያዛል። እንግዳ እንደተቀመጠ ማስታጠቢያው ይቀርባል፤ ውኃው ለብ ያለ ይሁን። ሽማግሌ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታጠባል። የመጨረሻው መመሪያ ግን ከሁሉ በላይ ነበር። «ለእንግዳ የለም አይባልም። ጥብሱ ቢያልቅ እየደረሰ ነው በይ። የለም የምትል አስተናጋጅ እንግዳውን ለጎረቤት ሆቴል ነው የምታስረክበው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ተጀመረ።

ሆቴላችን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ስላለ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጠው የመጡ ፈረንጆች ለምሳ ወይም ለአዳር ይወርዳሉ። ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ፤ እነሱም ከእኔ። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ያዘዙትን ሽሮ ትሪው እስኪያብረቀርቅ ድረስ ጠረጉት። አልጠገቡም ብዬ እንጀራና ወጥ ጨመርኩ። እሱንም ጠረጉት። ደግሜ ጨመርኩ። ባልየው ቀበቶውን ሲያላላ ሳየው ነው የጠረጠርኩት። ለካ እነሱ አገር ማስተረፍ ነውር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የተጠረገ ትሪ ጨምሩልኝ ማለት ነው። በጨዋነት ልንገድላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለፈረንጅ ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ሲበቃችሁ ከእንጀራው ጥቂት አስተርፉና እጃችሁን ታጠቡ።

ማርግሬት የመጣችው በዚሁ በሙከራ ጊዜዬ ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ብቻዋን የምትጓዝ ቀጭን ሴት ነበረች። እራት ምን ላምጣልሽ ብላት ሙቅ ውኃ ብቻ አለችኝ። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ማብሰያ አላት፤ ምግቧንም በቦርሳ ይዛ ነው የምትዞረው። ይህን ለማድ ቤት ስናገር እትዬ ጥሩወርቅ ማማሰያቸውን ቁጭ አደረጉ። «ምግቤን ተጠየፈችው?» አሉ። ተከፉ።

ተመልሼ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋት። ስንዴና ገብስ ሆዷን የሚያቆስል ሕመም አለባት። ፍርፋሪው እንኳ ለቀናት አልጋ ላይ ያውላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ከገዛ ቤተሰቧ ጋር እንኳ፣ ሳህኗ ለብቻው ነው። ጤፍ ግን እንደማይጎዳት ሐኪሟ ነግሯታል። «ለዚህ ነው እዚህ አገር የመጣሁት» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ፈልጌ።»

አዲስ አበባ አንድ ቦታ ንጹህ ጤፍ ነው ብለዋት በልታ ታማለች። ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጠች። ባሕር ዳርን አይታ አገሯ ልትመለስ ነው። ቀና ብላ በራችን ላይ «ንጹህ የጎጃም ጤፍ እንጀራ» የሚለውን ሰሌዳ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እውነት ነው?» አለች።

ማድ ቤት ገብቼ እትዬ ጥሩወርቅን ጠየቅሁ። «ስንዴ ትገባበታለች» አሉ። «እንድትለሰልስ ትንሽ ጣል አደርጋለሁ። ይኸ ሁሉ ሆቴል እንዲሁ ነው የሚያደርግ።»

ጋሽ ስማቸው ከኋላዬ ሰምተዋል። «ጤፍ ነው በያት» አሉ።

«ትታመማለች እኮ፣ ጋሼ።»

«እህል ሰው ያሳምማል ይባላል? እረ ተይ! እህል ነው እኮ! አንዲት እፍኝ ስንዴ ምን ታደርጋታለች?»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እናገራለሁ። በእህል መሐል አድገው፣ እህልን እየባረኩ በልተው፣ እህል ይጎዳል የሚለው ነገር ከጆሯቸው አልገባ አለ። የእኔም ጆሮ ቢሆን በግድ ነው የተቀበለው። ግን ሴትየዋ ታማ ብትተኛ አልጋዋን የማነጥፈው እኔ ነኝ።

ወጥቼ «የለም» አልኳት። «የእኛ እንጀራ ስንዴ አለበት። አትብዪ።» ጋሽ ስማቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሥራዬ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ። ማርግሬት ግን ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። በጉዞዋ ሁሉ «የለም» ያላት ሰው እንዳልነበረ ነገረችኝ። ሁሉም ደስ እንዲላት አዎ፣ አዎ ነበር የሚሏት።

የሆነው የሰማይ ነገር ነው የሚመስለኝ፤ እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ማድ ቤት ትተው ወደ አዳራሽ ሲወጡ አይቼ አላውቅም። «ቆዪ በያት» አሉኝ። «እቤቴ ያልተፈጨ ጤፍ አለኝ። እርሾዬ ግን ስንዴ ነክቶታል፤ ያለ እርሾ ነው የማቦካው፣ ይቆያል። ሊጡ እስኪቦካ ትቀመጥልኝ።» ማርግሬትን አየት አደረጉና ለእኔ ዝቅ ብለው፣ «እንዲህ ከስታ አንጀቴን በላችው» አሉ።

ማርግሬት ቆየች። ጋሽ ስማቸው ደግሞ፣ «ስለ አንቺ እሷ ትሂድና እንነጋገራለን» አሉኝ።

ጤፉን ወፍጮ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ባለ ወፍጮው ሐጂ ኑርዬ ሌሊት ስንዴ ሲፈጩ አድረዋል። ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁም። ድንጋዩን አስጠረጉ፣ ከጤፉ ጥቂት ፈጩና «ይች ለዶሮ ትሁን፤ የስንዴውን ትራፊ ይዛ ወርዳለች» ብለው ለብቻ አስቀመጡ። ቀጥሎ የወረደውን ነው ያስያዙኝ። አላህ ይስጥልኝ ብያቸው ወጣሁ።

ሊጡ እስኪቦካ ማርግሬት የበላችው የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ሙዝ ነው። እኔ ደግሞ ከምሳ በኋላ ባለችኝ ጊዜ ከተማውን አሳየኋት። ባጃጅ ላይ ከተሳፋሪ ጋር ተሸጉጣ መሄድን፣ ቸኩላ ከሆነ «ኮንትራት» ማለትን፣ መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለትን አስተማርኳት። ያቺን ቃል ወደደቻት። ባጃጁ ገና ሳይነሳ «ወራጅ አለ!» ብላ ሹፌሩን ያስደነገጠችበት ቀን አለ።

ሰው መንገድ ስትጠይቂ «እዚችው ናት» ካለሽ ውኃ ያዢ አልኳት። ጎጃሜ እንግዳን ማድከም አይፈልግም፤ ስለዚህ ሩቁን ሁሉ በአፉ ያቀርበዋል። የአውቶቡስ ሰዓት ሲነግሩሽ ደግሞ በእኛ ነው በእናንተ ብለሽ ጠይቂ። የእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበት ነው።

ያስቸገረን ደግነት ነው። ገበያ ገብተን አንዷ ባለሱቅ የገብስ ቆሎ ዘገነችላት። ሌላዋ ጠላ ቀዳች፤ የጠላ ብቅሉ ገብስ ነው። ከጓደኛዬ ቤት ጎራ ስንል ዳቦ ተቆረሰ። ማርግሬት «ሐኪም ከልክሎኛል» እንድትል አስጠናኋት። «ምነው፣ ትንሽ ብትቀምሺ ሐኪሙ አያይሽ! አፈር ስሆን!» ይሏታል። ጠግቤያለሁ ብትል ደግሞ ባሰ፤ ጉርሻው ከአፏ ደረሰ። ሁለት ጊዜ እጄን በመሐል አስገብቼ ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

ከዚያ ነው መላው የመጣልኝ። የእኛ ሰው ሐኪምን ይከራከራል፣ ጥጋብን ይከራከራል፤ የሌላውን ሰው ስለት ግን አያስፈርስም። «ስለት አለብኝ በይ» አልኳት። ትርጉሙን ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ።

«ውሸት አይሆንም?» አለች።

«ስንዴ አልነካም ብለሽ ለራስሽ ቃል የገባሽ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያስ ስለት ነው።»

ሠራ። «ስለት አለብኝ» ስትል እጅ ሁሉ በአክብሮት ይመለስ ጀመር። ቆሎውን መልሳ ወደ ቁናው የጨመረች አንዲት ሴት ጭራሽ እንድትጸልይላት ለመነቻት።

እሑድ ሊጡ ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ቡሃቃውንና ምጣዱን ሁሉ በአዲስ ለወጡ፤ ድስቷም ስንዴ ነክቷት የማታውቅ ናት። ትሪው መጣ። ማርግሬት፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔና ሌሎቹ አስተናጋጆች ከበብነው። ማርግሬት እጇን ታጥባ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እንደ ሙሽራ ጨንቋታል።

ገና ሳንጀምር ጋሽ ስማቸው ከሰንበቴ ተመልሰው ገቡ። በነጠላቸው ጫፍ ቄሱ የባረኩትን ዳቦ ይዘዋል። ለእያንዳንዳችን ቆረሱልን። ከዚያ ማርግሬት ፊት ቆመው ጉርሻውን አዘጋጁ። «ጋሼ!» አልኩ። «ዝም በይ» አሉኝ፤ «ይኸ የተባረከ ነው። ይኸ እንኳ አይጎዳትም።» ከልባቸው ነበር። ባለፈው ያደረጉትን ሊክሱ ያላቸውን ምርጥ ነገር ይዘው ነው የመጡት። የተባረከ ዳቦ እንዴት አልበላም ይባላል?

ማርግሬት ከወንበሯ ተነሳች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለችና «ጋሼ፣ ስለት አለብኝ» አለች በአማርኛ።

የጋሽ ስማቸው እጅ አየር ላይ ቆመ። ዳቦውን አዩት፤ እሷን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ነጠላቸው መለሱት። «ስለትሽን ይስማልሽ» አሉ። ማስታጠቢያው ጋ ሄደው እጃቸውን በደንብ ታጠቡ፤ ጥፍራቸውን ሳይቀር ሲያሹ አየሁ። እኛም የቆረሱልንን ወደ ጎን አኑረን ታጠብን፤ እሳቸው ወንበር ስበው ከእኛው ትሪ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እትዬ ጥሩወርቅ ሰጧት። ማርግሬት ዓይኗን ጨፍና አኘከች፤ ከዚያ እጇን ከእጃችን መሐል ሰደደች። አንድ ጊዜ የሷና የጋሽ ስማቸው ጣቶች አንድ ቁራሽ ላይ ተገናኙና ሁለቱም «ይቅርታ» ተባባሉ። በዚያ ሳቅን።

ግን ገና አላለቀም። ሕመሙ ከመጣ የሚመጣው ኋላ ነው። በማግስቱ የቁርስ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ሥራ አልያዝ አላቸው፤ ሽንኩርት አሳረሩ። ጋሽ ስማቸው ምክንያት እየፈለጉ ደረጃው ሥር ይመላለሳሉ። እኔ ማስታጠቢያውን ደጋግሜ አጥባለሁ።

ማርግሬት ወረደች። አዳራሹን አልፋ ቀጥታ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «እትዬ ጥሩ» አለች፣ «ራበኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ስማቸው ጮክ ብለው «ተመስገን» አሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ስትሄድ ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ፣ ከዚያው እንጀራ የደረቀ፣ በከረጢት ሞልተን ሰጠናት። እሷን ሸኝተን እንደተመለስን ጋሽ ስማቸው ሰሌዳውን አስወረዱ። ተመልሶ የተሰቀለው ስንዴው ከሊጡ ከወጣ በኋላ ነው። ስለ እኔ ጉዳይም ተነጋገርን። ንግግሩ አጭር ነበር። «ከነገ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ» አሉኝ። «ዶሮዎቹንም ሰላም በይልኝ።»

ዛሬ የመስተንግዶ ኃላፊ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጋሽ ስማቸው አሁንም ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላሉ። ለሁለቱም ባለ ዕዳ ነኝ፤ ለዚያች በቦርሳ ምግቧን ይዛ ለመጣች ሴትም። ለአዲስ አስተናጋጅ ትሪ አያያዝ ካሳየሁ በኋላ የምነግረው ይህን ነው፦ እንግዳው ምን እንደሚበላ ከመጠየቅሽ በፊት ምን እንደማይበላ ጠይቂው። የሌለውን የለም በዪው። ከዚያ ማድ ቤት ሂጂና ንገሪያቸው።