ዝም የሚያሰኝ እጅ

በጃንሆይ ዘመን በመቱና በአካባቢዋ ድምፁ የጠፋ ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሚመጣው ያሳደጉኝ አጎቴ ዘንድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሁሩሙ የመጡ ሰውዬ ለሠርግ የሚያከራዩትን ማጉያ ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው፣ «ዱኤራ፣ ጋሼ፤ ሞቷል» አሏቸው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። አጎቴ ይህን ቃል አይወዱም ነበር። «ለመቅበር ምን አስቸኮለዎት? እስኪ መጀመሪያ እናዳምጠው» አሉና ሶኬቱን ሰኩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ያ እጅ ሲነሳ ባለጉዳዩም ጎረቤቱም ዝም ይላል፤ እኔም የማጥበውን ሳህን እንደያዝኩ እቆማለሁ። ድምፁን የሚያጎሉት የውስጥ አምፖሎች እስኪሞቁ ጆሯቸውን ማጉያው ላይ አስጠግተው ቆዩ።

«እምም ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ደህና ነው። የማይክሮፎኑን ሽቦ እንየው።»

እውነትም ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተቆርጦ ተገኘ። ሰውዬው እየሳቁ ሄዱ። አጎቴ ግን ቀኑን ሙሉ «ሞተ ይለኛል እንዴ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ።

አጎቴ ያረፉ ጊዜ፣ አርባቸው በወጣ ማግስት እንግዳው ሁሉ ሲበተን የራሳቸውን ማጉያ ከፍቼ ማይክሮፎኑ ላይ ተናገርኩ። ድምፅ የለም። ሞተ ማለቱን አፌ እምቢ አለኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። ብዙ ቆይቶ ከውስጥ ቀስ ብሎ እምም አለ።

ቀና ስል ቀኝ እጄ ወደ ላይ እንደተነሳ ነው። ቤቱ ውስጥ ዝም የማሰኘው ሰው አልነበረም።