የእታለማሁ ታክጂ

እታለማሁ ልጅ አልወለደችም፤ ይህንን ደግሞ በስደት በምትኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያላስታወሳት ሰው የለም። ባሏ በዚሁ ጉዳይ ጥሏት ሲሄድ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ክርስትና ቤት ስትጠራ ሕፃኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያቅፈዋል፣ እሷ ጋ ሲደርስ እናትየው «ራበው መሰለኝ» ትልና ወሰድ ታደርገዋለች። አይ ሰው! ዓይኗ ይጎዳዋል ብለው እኮ ነው።

በፈረንጅ 2006 እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ አንድ ዴይኬር ተቀጠረች፤ ዳይፐር ልትቀይር፣ ወለል ልትወለውል። የዴይኬሩ ባለቤት ሚስስ ሺን የምትባል ኮሪያዊት ናት፤ ከሳቅ ጋር የተጣላች ሴትዮ። ግን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ክብ ሠርታ ታስቀምጥና የአገሯን የወረቀት እጥፋት ታስተምራለች፤ ጀልባ፣ ኳስ፣ እጅጌ ያላት ሚጢጢ የኮሪያ ልብስ። እታለማሁ መወልወያዋን ተደግፋ ስታይ ሚስስ ሺን አንድ ቀን ጠርታት ወረቀት ሰጠቻት። ያጠፈችውን በጣቷ ገፋ አድርጋ «ኖ» አለች። ሁለተኛውንም «ኖ»። ጠርዝና ጠርዙ ፀጉር ታህል ከተዛነፈ አልቀበልም ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስትባል ከረመች። እሷም ግትር ናት፤ በባቡር ስትመለስ በማስታወቂያ ወረቀት ትለማመዳለች። በሦስተኛው ወር ሚስስ ሺን «ኖ» ማለቱን ተወችው፤ አልፋም ልጆቹን አንቺ አስተምሪልኝ አለቻት።

ይህን ሙያ ይዛ ነው እሑድ እሑድ ወደምታስቀድስበት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው። እዚያ ቅዳሴ ሲረዝም ልጆቹን ምድር ቤት ያጉሯቸዋል። በአማርኛ ሲጠሯቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ፣ ስንቱ ጠባቂ ተማሮ የሸሻቸው ልጆች ናቸው። እታለማሁ ወረቀቷን ዘርግታ ዝም ብላ ማጠፍ ጀመረች፤ እነሱም አንድ በአንድ ተጠግተው ቁጭ አሉ። በወሩ የክፍሉን ቁልፍ ለእሷ ሰጧት። «ቲቸር» ይሏታል። ሶሊ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅማ ጭኗ ላይ ካልተቀመጥኩ ትላለች፤ እናቷ ስትጠራት አትሰማም። እናቷ ፅጌ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናት፤ በዚህ ነገር ጥርሷን ነክሳባት ነበር። እታለማሁ ግን እሑድን ለማግኘት ስትል ነው ሳምንቱን የምትኖረው። ያቺን እሑድ ከወሰዱባት ምንም የላትም።

በፈረንጅ 2011፣ መስከረም ሲጠባ፣ ታክጂ ላስተምራቸው አለች። ታክጂ ሁለት ወረቀት ተቆላልፎ የሚታጠፍ ወፍራም ካሬ ነው፤ መሬት ላይ ያለውን የጓደኛህን በራስህ ታክጂ መትተህ ከገለበጥከው ትወስደዋለህ። ስስ ወረቀት አይሆንለትም። ሚስስ ሺን «እኛ በአሮጌ ካላንደር ነበር የምንሠራው» ብላታለች። ካላንደር ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በየዓመቱ የሚያድለው፣ ሥዕል አለበት ተብሎ የማይጣለው። ዞራ ለምና ሰበሰበች። ሞኝ አይደለችም፣ ከላይ ያሉትን ትልልቅ ሥዕሎች በመቀስ ቆርጣ ቤቷ በክብር አስቀመጠች፤ ይዛ የመጣችው የቀኖቹን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በየበዓሉ ቀን ጎን ግን ጥፍር የምታህል የቅዱሳን ሥዕል ታትማለች። ዓይኗ የደከመ ሴት በየት በኩል ትያት?

ሶሊ ያሸነፈቻቸውን ታክጂዎች ቤት ይዛ ሄደች። ፅጌ አንዱን ፈትታ አየችው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጅ ሁሉ ምድር ቤት ወረደ። ልጆቹም ይቆዩ ተባለ፤ ይቆዩ ያለችው ፅጌ ናት።

«ፍቺው» አለቻት፣ የታክጂውን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ። እስከዚያ ቀን እትዬና አንቱ ነበር የምትላት።

«ምኑን ነው፣ ልጄ?»

«ያጠፍሽውን። ሁሉንም። ልጆቻችንን ምን ስታስረግጫቸው እንደነበር ሰው ይይልሽ።»

እታለማሁ ፈታች። ሰማንያ ምናምን ታክጂ፣ አንድ በአንድ። ፅጌ እያንዳንዱ ላይ ጣቷን ታሳርፍና «ይህቺ ማናት? ይኼስ ማነው?» እያለች ስም ታስጠራታለች። ሰው ያማትባል። ቀሲስ ወንድይራድ «ሳታውቅ ያደረገችው ነው፤ ንስሐ እሰጣታለሁ፤ ይብቃ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

«አላየሁትም» አለች እታለማሁ። «በእመቤቴ አላየሁትም።»

ፅጌ ወደ ልጇ ዞረች። «ሶሊ፣ ቲቸር ሥዕሉን ታውቅ ነበር?»

ልጅቷ እናቷን አየች። ያቺ በአማርኛ መልሳ የማታውቅ ልጅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አዎ፣ ታውቅ ነበር» አለች።

«ወልደሽ ቢሆን ኖሮ በሰው ልጅ እንዲህ አትጫወቺም ነበር» አለቻት ፅጌ። ከዚያ ሁሉ ሰው ነውር ነው ያለ አንድ አልተገኘም። እታለማሁ ቁልፉን አስረከበች። ከዚያ፣ ውርደቷ ያነሰ ይመስል፣ ለመነቻቸው። «ወለሉን እንኳ ልጥረግላችሁ፤ ከዳር ሆኜ ልያቸው።» ኮሚቴው መከረና ፈቀደ፤ ልጆቹ ከወጡ በኋላ እንድትጠርግ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። እሷ አልቀረችም። እሑድ እሑድ መጥረጊያዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ፊታቸውን አዙረው ይሮጡ ነበር፤ ተመክረው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማዞሩንም ተዉት፤ ጠራጊ ማን ያያል።

በ2018 አንድ እሑድ ሶሊ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ስትወጣ ከእታለማሁ ጋር ተጋጨች። ቁመቷ እናቷን አልፏል። መጥረጊያው ወደቀ። ሶሊ ጎንበስ ብላ አነሳችላት፣ ቀና ብላም ፊቷን ትክ ብላ አየቻት። እታለማሁ «ቲቸር» እስክትላት ጠበቀች።

«ሶሪ፣ እማማ» አለች ልጅቷ በትሕትና፣ አይታት እንደማታውቅ ሰው፤ ስልኳን እያየችም አለፈች። እያስመሰለች አልነበረም፤ እውነትም አላወቀቻትም።