ካልደረቀ ሣር የተሠራው ገሳ

ይቺን ሳልነግራችሁ ብቀር ሆዴ አይችልም። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ መንዝ፣ ጓሳ አጠገብ።

ወዳጆ የሚባል ገሳ ሠሪ ነበር። ገሳ መቼም ታውቃላችሁ፣ ከጓሳ ሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። የሱን ገሳ የደረበ ክረምቱን ሙሉ ትከሻው አይርስም፤ ሞላሌ ገበያ አውርዶ ሳይሸጥ የተመለሰበት ቀን የለም። እንግዲህ ሣሩ ተመናመነ ተባለና ጓሳው፣ ሣሩ የሚበቅልበት የጋራ መሬት፣ ተዘጋ። እስኪያገግም ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ደንቡን አፍርሶ ያጨደ የቤቱ ክዳን ይገፈፋል፤ የሚገፍፉት ደግሞ የገዛ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ሌላው ሰው ገብስ አለው፣ በግ አለው። ለወዳጆ እርሻውም በጉም ያው ሣሩ ነው። ያከማቸው አለቀና እጁ ሥራ ፈታ። በዚህ መሀል ጓሳውን የሚያስጠብቁት ሹም፣ አባ ቄራ የሚባሉት አቶ መኳንንት፣ ክረምት ሳይገባ ገሳ ሥራልኝ አሉት። ሣር የለኝም ማለት አፈረ። ሚስቱ ጥሩሸዋ ይቅርብህ ብላ ለመነችው፣ አልሰማም። ጓሳውን የመጠበቅ ተራ በደረሰው ቀን፣ ጠባቂው ራሱ አጨደ! አዲስነቱ እንዳያሳጣው ጭስ ላይ አንጠልጥሎ አጠቆረውና ቸኩሎ ጎነጎነው። ጭሱ መልኩን አሮጌ አስመሰለው እንጂ ውስጡን አላደረቀውም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ደጀ ሰላም ቆሞ ሳለ ዝናቡ ወረደ። አቶ መኳንንት አዲሱን ገሳ ደረቡ። ወዳጆ ዓይኑን ከትከሻቸው መንቀል አቃተው። ሣሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ጉንጉኑ ላልቶ ኖሯል፤ ውሃው በጀርባቸው ይወርድ ጀመር።

"ወዳጆ፣ ገሳህ ያፈሳል" አሉ።

ፈንታ የሚሉት ቀልደኛ ጎረቤቱ ደግሞ፣ "ለአባ ቄራ ወንፊት ሸጠላቸው" አለ። ሰው ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። ጉንጉኑን በጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው አዩት። "ይህ ሣር መቼ የታጨደ ነው?"

ሳቁ ቀጥ አለ። እርጥቡን የተጎነጎነ ሣር ኋላ እንደሚላላ እዚያ የማያውቅ የለም። ወዳጆ ጥሩሸዋን አየ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር አየ። የድሮ ነው ቢል እዚያው በር ላይ ያስምሉታል።

"በጥበቃ ተራዬ፣ ጌታዬ" አለ።

አቶ መኳንንት ገሳውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። "ዛሬ ማታ ያስፈልግሃል።"

ክዳኑ ሲገፈፍ ቀድሞ ጣራው ላይ የወጣው ፈንታ ነበር፤ ቀልድ የለ፣ ምን የለ። ጥሩሸዋ እህሉን በቆዳ ሸፈነች። ወዳጆ እታች ሆኖ፣ ከሚወርደው ጥላሸታም ሣር ለገመድ የሚሆነውን ይለቅም ነበር።

በኋላ ጓሳው ሲከፈት ሣሩ ወገብ ይደርስ ነበር አሉ። ወዳጆ ግን ያኔ መርሐቤቴ ወርዶ የሰው እርሻ ያርስ ነበር።

እናንተስ አገር፣ ለሁሉ የሚበጅ ደንብ የአንዱን እንጀራ የዘጋበት ጊዜ የለም?