የእትዬ አስካለ ምንሽርና ያልጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

እትዬ አስካለ እጃቸውን ያወጡት ግማሹ ተሰብሳቢ ሲያንቀላፋ ነው...

በደርግ ጊዜ ነው፣ እሁድ ረፋድ ላይ። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌያችን አዳራሽ በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ እንወያያለን። ከስብሰባ መቅረት ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሊያስቀር ስለሚችል አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ያኔ ቸርችል ጎዳና አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። «እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመድቤያለሁ።

ሊቀመንበሩ «አስተያየታችሁን በነፃነት ስጡ! የምትሉት ሁሉ ተጽፎ ወደ በላይ ይሄዳል!» እያለ ደጋገመ። ሰው አጨበጨበ። የተናገረ ግን የለም... እትዬ አስካለ እስኪነሱ ድረስ።

እትዬ አስካለ ውቤ በረሃ ትንሽ ጠጅ ቤት ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔ መሣሪያን በተመለከተ ነው» አሉ።

እንቅልፋሙ ሁሉ ነቃ።

«የምን መሣሪያ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የባሌ ምንሽር ነዋ! ፈቃድ ነበረው። ቤት ለቤት ሲፈተሽ ‹ተጣርቶ ይመለሳል› ተብሎ ተወሰደ። ባሌ ሞተ፣ ምንሽሩም በዚያው ቀረ። ወንድሞቹ ከመንዝ እየመጡ ‹የወንድማችንን ጠብመንጃ ሸጠሽ በላሽው› ይሉኛል። እና እዚህ ሕግ ላይ አንድ መስመር ይጨመር... በፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ለባለቤቱ፣ እሱ ከሌለ ለወራሹ ይመለስ የሚል።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «እናት... ቤትዎ ሌላ መሣሪያ አለ እንዴ?»

ያኔ መሣሪያ ደብቆ መገኘት ያሳስር ነበር።

«ያለኝማ ይሄ ነው» አሉና ከመቀነታቸው የተጣጠፈ የመረከቢያ ወረቀት አወጡ። ማኅተሙ የገዛ ቀበሌያችን ነው። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «ይሄ አይጻፍም» አለኝ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ስንበተን እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጻፍሽልኝ?»

«ጽፌዋለሁ እትዬ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም... ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እረፍት አጣሁ። እሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ «የኔ ነገር ተጽፏል፣ ወደ በላይ ሄዷል» እያሉ ያወራሉ። ላንድሮቨር ሰፈራችን ውስጥ በቆመ ቁጥር እሳቸውን ሊወስዱ የመጡ ይመስለኛል። መንገድ ላይ ከሩቅ ካየኋቸው በሌላ ቅያስ እታጠፋለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ ስተይብ ፊደል እዘላለሁ።

ወራት አለፉ። ሕጉ ታትሞ ወጣ፣ የሸንጎ ምርጫም ተደረገ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ አስካለ የሕጉን መጽሐፍ ይዘው ቤታችን ከተፍ አሉ።

«በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቻለሁ፣ ግን ደቃቁን ጽሑፍ ዓይኔ አይዝልኝም። የኔን መስመር ፈልጊልኝ።»

ምን ልበል? አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩላቸው። ስለ አገር መከላከያ ስደርስ «እሱ ይሆን?» ይላሉ። ስለ ንብረት ስደርስ «እሱ ነው መሰለኝ፣ ድገሚው» ይላሉ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ።

«እትዬ... የለም። አልጻፍኩትም ነበር። ሊቀመንበሩ አይጻፍም ሲለኝ ፈራሁ።»

እርግማን ጠበቅኩ። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉና ዘጉት።

«ይሄን ሁሉ ወር በሰው ፊት ስኮራ ነበር» አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ሊወጡ ሲሉ ግን ዞር አሉ። «ነገ ወረቀት ይዘሽ ነይ። ተመራጭ አለን አይደል? ለሱ እንጽፍለታለን።»

ጻፍን። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ግልባጭም አስቀረን። ከታች ስማቸውን በራሳቸው እጅ አሰፈሩ። «የጸሐፊዋም ስም ይግባ» አሉ። ስሜን ጻፍኩ።

ከአካባቢያችን ለሸንጎ የተመረጠው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት እንደማይጠፋ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ከሥራ በፊት ሄድን። ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶ ይጠጣል። እትዬ አስካለ ደብዳቤውን ሰጡት። አንብቦ ግራ ቀኙን አየ።

«እናቴ፣ ይሄን እኔ ምን ላድርገው?»

«ተናገርልኛ! የመረጥንህ ለምን ሆነና?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔኮ እዚያ የምናገረው ተጽፎ ሲሰጠኝ ነው።»

«ታዲያ ይኸው! ተጽፎ ተሰጠህ!»

ማኪያቶው ትን አለው። እያሳለ ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠና ደብዳቤውን አጣጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። «አይቼው አላውቅም፣ እናንተም አላያችሁኝም» ብሎ ወጣ።

ይናገረው አይናገረው አላውቅም። ምንሽሩ አልተመለሰም። የባላቸው ወንድሞች ግን በቀጣዩ ሲመጡ እትዬ የደብዳቤውን ግልባጭ ቢያስነብቧቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ፤ «ሸጠሽ በላሽው» ማለቱም በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር «ሊወስዱኝ መጡ» ብዬ ጫማዬን አጠልቅ ነበር... ሲከፈት ሁሌም ደብዳቤ ሊያጽፍ የመጣ ጎረቤት ነው!