የድርቤ ዳንቴልና የዋጋሪ ሳጥን

የነቀምቴው ዋጋሪ ሞረዳ አንድ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ «አብቅቶለታል» የሚለው። እጀታው የተነቀለ ካውያ፣ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮ፣ ሽቦው የወለቀ ጃንጥላ፣ ሁሉም «ይታያል» ተብሎ ይቀመጣል። እንጀራው የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነት ነው፤ ኩራቱ ግን የተበላሸን ነገር አስነስቶ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ከዚህም የተነሳ አልጋው ሥር የነቀምቴ ስብርባሪ ሁሉ ተጠራቅሟል።

ሚስቱ ድርቤ ደግሞ የዳንቴል ሰው ናት። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ እንስራው ሳይቀር ከነዘርፉ ለብሷል። ዋጋሪ አንድ ቦታ ብዙ ከተቀመጠ እሱንም ሳታለብሰው አትቀርም እያሉ ጎረቤቶች ያሟታል።

በደርጉ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ድርቤ ምግብ ታበስልላቸው የነበሩ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማይክሮዌቭ ሰጥተዋት ሄዱ። ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበር። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ «ሳጥኗ» ብሎ ጠራት። ቀዝቃዛ የአንጮቴ ሥር ቅቅል ይገባባታል፣ ታጉረመርማለች፣ «ቲንግ!» ትላለች፣ አንጮቴው እየጨሰ ይወጣል። ከሰል የለ፣ ክብሪት የለ! ድርቤ ለዚህ ውለታዋ ዘርፉ እስከ በሯ የሚወርድ አዲስ ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻት።

በማግሥቱ ሳጥኗ ዝም አለች።

«ጣላትና ከኔ ዘንድ ደህና የላምባ ምድጃ ውሰድ» አለው ጎረቤቱ ባለሱቅ ረዲ። «የሞተ ነገር ታቅፎ መዋል ምን ይሉታል?»

«ገና መች አየኋት!» ብሎ ተቆጣ ዋጋሪ።

ሶኬቷን ፈታ፣ ሽቦዋን ዳሰሰ፣ ጎኗን መታ መታ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ለመናት። ቅዳሜን ሙሉ ተንበርክኮላት ዋለ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በበሯ መንጠቆ ላይ አንዲት ነጭ ክር አየ። የዳንቴሉ ዘርፍ በሩ ውስጥ ተቆልፎበት ኖሯል። በሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልገጠመም፤ ሳጥኗ ደግሞ በሯ ካልገጠመ አትሠራም። ክሩን በወረንጦ ለቀመ፣ ዘርፉን በመቀስ ከረከመ፣ በሩን ገጥሞ ቁልፏን ተጫነ። አጉረመረመች!

ዋጋሪ ብቻውን ጨፈረ። ድርቤ የተከረከመውን ዳንቴል ስታይ ግን እጇን በራሷ ላይ ጫነች። «ያ ዋቃ፣ ያ አምላኬ! ጣቴን ብትቆርጠው አይሻልም ነበር፣ አባ ደረሳ?» አለችው በበኩር ልጃቸው ስም። አንጮቴው እስኪሞቅ ድረስ አኮረፈችው።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አበጋዝ መጥቶ ትኩስ አንጮቴ በላና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ዋጋሪ፣ ይህን የመሰለ መሣሪያ በአንድ ሰው ጓዳ መቀመጡ ተገቢ ነው? ሰፊው ሕዝብ ይጠቀምበት እንጂ!»

ሰፊው ሕዝብ ይጠቀምበት ማለት የስብሰባው ሻይ ይሙቅበት ማለት ነበር። እምቢ የሚባልበት ዘመን ስላልነበረ ሳጥኗ በአብዮት ጠባቂዎች ታጅባ ወጣች። ድርቤ አለቀሰች። ዋጋሪም ሳያፍር አለቀሰ።

ቀበሌው ለክብሯ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ቀይ ጨርቅ አለበሳት። ብዙም ሳይቆይ ዋጋሪ ተጠራ።

«አድማ መታችብን» አለ አበጋዝ። «አመሏን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አስነሳት።»

ዋጋሪ ጎንበስ አለ። ወርቃማው ክር መንጠቆው ላይ ተጠምጥሟል። በሁለት ጣት መዘዝ ቢያደርገው ያኔውኑ ትነሳለች፤ እጁም በልማድ ተዘረጋ። ግን ካስነሳት እዚሁ ልትቀር ነው። ካላስነሳት ደግሞ ስሙ አለቀለት። እጁን ሰበሰበ።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለ፤ ቃሉን በግድ ከአፉ አወጣው። «አብቅቶላታል።»

ዋጋሪ እንዲህ ሲል የሰማ ሰው በነቀምቴ አልነበረም። «ወስጄ ከስብርባሪዬ ጋር ልጣላት» ብሎ ተሸከማት። ረዲ ከሱቁ ደጃፍ «አላልኩህም?» ብሎ ሲስቅበት አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ «ሳጥኗ የረታችው» ይሉት ጀመር። ይህ አንጀቱን አሳረረው፤ ቢሆንም ዋጠው።

አንድ እሑድ አበጋዝ የሚስቱን ካውያ ይዞ ቤቱ መጣ። «አይዞህ፣ አንድ ጊዜ መሸነፍ የሰው ነው። ይህችን ደግሞ ሞክራት» አለው። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከጓዳ «ቲንግ!» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የብስክሌት ደወል ነው» አለ ዋጋሪ ፈጥኖ። «እየጠገንኩት ነው።»

ድርቤ አንጮቴ ይዛ ወጣች። አበጋዝ ጎረሰ፤ ምላሱ ተቃጠለ። ወደ ጓዳው አየ፤ የእሳት ጭስ የለም። ወደ ዋጋሪ አየ፤ ዋጋሪ መሬት መሬት ያያል። አበጋዝ አኝኮ ዋጠና ሳህኑን ዘረጋ።

«አዴ ድርቤ፣ ጨምሪልኝ። አንተ ደግሞ፣ ጓድ ዋጋሪ፣ ይህችን ካውያ ‹አብቅቶላታል› ብለህ እንዳታስቀርብኝ።»