ሰማንያ ታች

ብሮንዊን የዴስን ሰማያዊ ደብተር ሐሙስ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ገለጠችው። ዴስ ባሏ ነበር፤ ከሞተ አምስት ወሩ። በአዴላይድ ዳርቻ ባለው የሙከራ ጣቢያ እሱ የንፋሱን ቦይ፣ አየር በከፍተኛ ፍጥነት የሚለቀቅበትን የሙከራ ቱቦ፣ ሲያስነሳ፣ እሷ መዛግብቱን ስትይዝ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። አሁን ጣቢያው ሊዘጋ ነው። ኢንጂነሯ ታምሲን የሚታመኑት ደብተሮች ብቻ ወደ ቤተ መዛግብት ይሂዱ ብላለች። የዴስ አይታመንም፤ ነገ "ውድቅ" ብላ የምትፈርምበት ደግሞ ብሮንዊን ናት።

ታምሲን በደንብ አስረድታታለች። አየር ከታንኩ ወጥቶ አፍንጫ በሚሉት ጠባብ ቱቦ ሲያልፍ፣ ሙቀት ሳይገባበትም ሳይወጣበትም ይፈጥናል፤ በፈጠነ መጠን ግፊቱ ይወርዳል። የታንኩ ግፊት ከአፍንጫው ለሚወጣው አየር ግፊት ሲካፈል ፍጥነቱ ይታወቃል። አፍንጫው የተሠራው የድምፅን ፍጥነት ሦስት እጥፍ እንዲሰጥ ነው። ዴስ "ላይ" በሚለው ዓምድ ሰባት መቶ ኪሎፓስካል፣ "ታች" በሚለው ሰማንያ ጽፏል። ከዚህ የሚወጣው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

ብሮንዊን ግራ ገባት። ዴስ ስኳር እንኳ በቢላ ጫፍ አስተካክሎ የሚሰፍር ሰው ነበር። ላይ ከአፍንጫው በፊት፣ ታች ከአፍንጫው በኋላ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደግሞ በየገጹ ራስጌ የዕለቱን የአየር ግፊት ጽፏል፤ መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት። ዝናብ ይጠብቅ ነበር?

በምሳ ሰዓት ወደ ወርክሾፑ ወርዳ የዴስን የሥራ ባልደረባ ሮሊን ጠየቀችው። የሥጋ ፓዩን እየገመጠ ዓምዱን አየ።

"ሰማንያ ታች። ጥሩ ቀን ነበር።"

"ከአፍንጫው በታች ማለት ነው?"

"ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው ያስተማሩሽ? ከዜሮ በታች ነዋ፣ ብሮን። መለኪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዜሮ ነው የሚለው። የሚጫነንን አየር አይቆጥርም። እሱን አንቺ ትጨምሪበታለሽ።"

ቆማ ደመረች። ሰባት መቶ ላይ መቶ አንድ፤ ስምንት መቶ አንድ። ከመቶ አንድ ሰማንያ ሲቀነስ ሃያ አንድ። አካፈለችው፤ ሠላሳ ስምንት ግድም። ታምሲን የሰጠቻት ሠንጠረዥ ለዚህ ሦስት እጥፍ ይላል።

"ውድቅ" የሚለውን በማግስቱ ትታ "ላይና ታች ከከባቢ አየር ግፊት የተቆጠሩ ናቸው" ብላ ጻፈችና ፈረመች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ "እንዴት ነህ?" ስትለው፣ ዴስ "ሠላሳ ታች" ይላት ነበር። ይቃዣል ብላ ለነርሷ ተናግራ፣ ነርሷም እንደዚያው መዝግባለች። ያንን መዝገብ ማን እንደሚያርመው አታውቅም።